ገጠር ታውንሺፕ ገብታችሁ ልጅ ልታስተምሩ ካሰባችሁ

ፊላዴልፊያ የቤት ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ ወደ እኛ ሰፈር የሚያማትር አበሻ በዝቷል። እኛ ያለነው ምሥራቅ ፔንስልቬንያ ነው። ከአለንታውን በስተምዕራብ፣ ኢንተርስቴት 78ን ተከትለው ካሉት የገጠር ታውንሺፖች በአንዱ። ታውንሺፕ ማለት በካውንቲው ውስጥ ያለ ትንሽ የአካባቢ አስተዳደር ነው። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል። መጋዘኖቹ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ስለተደረደሩ ለሥራው ይመቸዋል። ግቢው ሰፊ ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ጠይቆ ጠይቆ መጨረሻ ላይ "ለመሆኑ ትምህርት ቤቱስ?" ይላል።

ትልቋ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ አራተኛ ክፍል ገባች። አሁን ሃይስኩል ናት። ትንሹ እዚሁ ተወልዶ ኤለመንታሪ ይማራል። ስለዚህ ነገሩን በሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። የምጽፈው ስለ ፔንስልቬንያ ብቻ ነው። ኦሃዮም ሚሺጋንም ኒው ጀርሲም ታውንሺፕ አለ፤ ሕጋቸው ግን የየራሳቸው ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ። ትምህርት ቤቱ የታውንሺፑ አይደለም። የታውንሺፑ ስም በሩ ላይ ቢጻፍ እንኳ ታውንሺፑ አያዝበትም። የገጠር ታውንሺፕ የሚመራው በተመረጡ ሱፐርቫይዘሮች ነው። ሦስት ወይም አምስት ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ነው። የእነሱ ጉዳይ መንገድ፣ በረዶ መጥረግ፣ የግንባታ ፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ፖሊስ የላቸውም፤ ስትደውሉ የሚመጣው የስቴቱ ፖሊስ ነው። እሳት አጥፊዎቹም በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እኛ ጋ በብርዱ ወራት በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ ራሱ የተመረጠ ሱፐርቫይዘር ነው። መንገድ ላይ እጃችሁን ስታወዛውዙለት ባለሥልጣን ሰላም አላችሁ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ስኩል ዲስትሪክቱ ነው፤ እሱ ሌላ መንግሥት ነው። የራሱ ወሰን አለው። የራሱን ግብር ይጥላል። ዘጠኝ የተመረጡ የቦርድ አባላት አሉት፤ የሚመረጡት ለአራት ዓመት ነው፣ ደመወዝ የላቸውም። አገር ቤት ትምህርት ቤቱ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥር ነው፤ ትእዛዙም ከላይ ይወርዳል። እዚህም ስቴቱ ሕግ ያወጣል፣ ገንዘብም ይሰጣል። በጀቱን፣ የግብሩን መጠን፣ የአውቶብሱን ውል፣ የትኛው ሕንፃ እንደሚዘጋ የሚወስኑት ግን ዘጠኙ ናቸው። አንዱ ከብት ያረባል፣ አንዷ ነርስ ናት። ዳቦ ልትገዙ ስትሄዱ ሰልፍ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ፔንስልቬንያ ውስጥ 500 ዲስትሪክቶች አሉ። ታውንሺፕ፣ ቦሮ (ትንሽ ከተማ) እና ከተማ ሲደመር ግን ከ2,500 ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ዲስትሪክት በርከት ያሉ ታውንሺፖችን ጠቅልሎ ይይዛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ2,000 በላይ ዲስትሪክቶች ነበሩ። ሰብስቦ ያዋሃዳቸው በ1963 የወጣ ሕግ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ባለ አንድ ክፍል የጡብ ቤት፣ ጣሪያው ላይ የደወል ማማ ያለው ካያችሁ፣ እሱ የዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ሰው ይኖርበታል።

ቤት ስትፈልጉ የሚያምታታው አድራሻው ነው። ፖስታ ቤቱ የአንድ ከተማ ስም ይሰጣችኋል። ቤቱ ያለበት ታውንሺፕ ሌላ ስም አለው። ዲስትሪክቱ ደግሞ በሦስተኛ ስም ይጠራል። የባለቤቴ የአክስት ልጅ አንድ ቤት ወዳ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ከእናንተ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል" አለችኝ። "እስቲ አድራሻውን ላኪልኝ" አልኳት። ለካ መንገዱ የሁለት ታውንሺፖች ድንበር ነው። በግራ በኩል ያሉት ቤቶች ከእኛ ጋር ናቸው። እሷ የወደደችው በቀኝ ያለውን ነው፤ እሱ የሌላ ዲስትሪክት ነው። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ደግነቱ ገና አልፈረመችም ነበር።

ስለዚህ ደላላው የነገራችሁን፣ ስልካችሁ ላይ ያያችሁትን ይዛችሁ አትፈርሙ። የካውንቲው የንብረት ግምት ቢሮ ደውሉ። አድራሻውን ስጧቸውና "የዚህ ቤት የትምህርት ግብር ለየትኛው ዲስትሪክት ነው የሚከፈለው?" ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት ግብር የሚበላበትን ቤት አይስትም። ከዚያ ለዲስትሪክቱ ምዝገባ ክፍል ደውላችሁ ያንኑ አድራሻ አንብቡላቸው። የትኛው ኤለመንታሪ እንደሚደርሳችሁም አብረው ይነግሯችኋል።

አሁን ወደ ግብሩ። የቤት ግብር ለሦስት አካል ይከፈላል፤ ለካውንቲው፣ ለታውንሺፑና ለዲስትሪክቱ። አብዛኛውን የሚወስደው ዲስትሪክቱ ነው። የታውንሺፑን ቢል አይታችሁ "ይቺ ብቻ?" ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ስሌቱ በሚል ነው። አንድ ሚል ማለት ከተገመተው 1,000 ዶላር ላይ 1 ዶላር ነው። የቤቱ ግምት 120,000 ቢሆንና ዲስትሪክቱ 30 ሚል ቢጥል፣ 3,600 ዶላር ይመጣል። ግምቱ እናንተ ከገዛችሁበት ዋጋ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ብዙ ካውንቲ ከዓመታት በፊት ባወጣው ግምት ነው የሚሠራው።

የትምህርት ግብር ቢል የሚመጣው ጁላይ ላይ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ከከፈላችሁ 2 ከመቶ ይቀነሳል። አራት ወር ካለፈ 10 ከመቶ ቅጣት ይጨመራል። ሞርጌጁ ግብሩን የሚከፍልላችሁ ከሆነ እንኳ ቢሉ ለማን እንደተላከ አረጋግጡ። ቤቱ በተሸጠበት ዓመት ቢል መንገድ ይስታል። ሌላው፣ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የሆምስቴድ ቅናሽ አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ከካዚኖ ግብር ነው። ቅጹን ለካውንቲው እስከ ማርች 1 ማስገባት ያስፈልጋል። ለአዲስ ገዢ ራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት።

ክፍያው ራሱ አንድ ትርዒት ነው። እኛ ታውንሺፕ ግብር ሰብሳቢዋ የተመረጠች ሴትዮ ናት፤ የምትሠራው ከቤቷ ነው። በጎን በር በኩል ትገባላችሁ። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ማህተም፣ የድመት ምግብ ሳህን። ቼኩን ትቀበላለች፣ ቢሉ ላይ ማህተሟን ጧ ታደርጋለች፣ ቀን ትጽፍበታለች። የሥራ ሰዓቷ በሳምንት ጥቂት ነው፤ በሩ ላይ ተለጥፏል። የቅናሹ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የጎረቤት መኪና ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። እኔ ግማሹን ሰፈር የተዋወቅሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው።

ደመወዝ ላይ የሚጣል የአካባቢ ግብርም አለ። ብዙ ቦታ 1 ከመቶ ነው፤ ታውንሺፑና ዲስትሪክቱ ይካፈሉታል። ፊላዴልፊያ ከ3 ከመቶ በላይ ሲቆረጥበት ለኖረ ሰው እፎይታ ነው። ግን እንደ ባለቤቴ በራሱ ትራክ የሚሠራ ሰው ቀጣሪ ስለሌለው የሚቆርጥለት የለም። በየሦስት ወሩ ራሱ ይከፍላል፤ በዓመቱ መጨረሻም ለብቻው የአካባቢ ሪተርን ይሞላል። አካውንታንታችሁ የከተማ ሰው ከሆነ አስታውሱት።

እነዚህ ሁለት መንግሥታት የሚጋጠሙበት አንድ ቦታ አለ፤ መጋዘን። የመሬቱን አጠቃቀም የሚወስነው ታውንሺፑ ነው። መጋዘኑ ሲሠራ ትልቁን ግብር የሚያገኘው ግን ዲስትሪክቱ ነው። መጋዘን ደግሞ ልጅ አይወልድ፤ ክፍል አያጣብብም። ቤቶች ከተሠሩ ግን ግብሩም ልጆቹም አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ በታውንሺፑ ስብሰባ ላይ ሰዉ "ትራክ ገደለን፣ መጋዘን በቃን" ይላል። ያው ሰው በዲስትሪክቱ ስብሰባ ላይ "ግብር ለምን ጨመራችሁ?" ብሎ ይጮሃል። ባለቤቴ እነዚህን ክርክሮች ሲሰማ ከንፈሩን ነክሶ ዝም ይላል። እንጀራችን ከሚጮሁበት ነገር ነው።

ከቀልዱ ባሻገር ጉዳዩ ቁም ነገር አለው። ገንዘቡ በብዛት ከቤትና ከመሬት ስለሚሰበሰብ፣ ሀብታም ንብረት ያለበት ዲስትሪክት ሳይቸገር ያስተምራል። ፋብሪካው የተዘጋበት፣ ቤቱ የረከሰበት ደግሞ ብዙ ሚል ጥሎም አይሞላለትም። ይህን ይዘው ፍርድ ቤት የሄዱ ዲስትሪክቶች ነበሩ፤ የድሮ የከሰል ማዕድን አገር ያሉት እንደ ፓንተር ቫሊና ሸናንዶዋ ቫሊ ያሉ ትንንሾች ጭምር። የገጠርና የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ማኅበርም አብሯቸው ከሰሰ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 የስቴቱ ኮመንዌልዝ ፍርድ ቤት የገንዘብ አከፋፈሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ቤት ስታዩ የትምህርት ቤቱን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ዲስትሪክቱ ከምን እንደሚኖር እዩ። ሃይስኩሉ ስንት ከፍተኛ የሒሳብና የሳይንስ ኮርስ ይሰጣል? የሙያ ማዕከሉስ የት ነው? እኛ ጋ ኮርሱ ከከተማ ዳር ካሉት ሀብታም ዲስትሪክቶች ያንሳል። የሙያ ማዕከሉ ግን እሰየው ነው። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ የነርስ ረዳትነት ያስተምራል፤ ልጁ ሃይስኩሉን ሳይለቅ ግማሽ ቀን እዚያ ይውላል። አበሻ ወላጅ "ልጄ ዶክተር ነው የሚሆነው" ብሎ እንዳይንቀው።

ምዝገባው ከሚፈራው ቀላል ነው። የሚፈለገው የዕድሜ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ እዚያ መኖራችሁን የሚያሳይ ወረቀትና አንድ የምትፈርሙበት ቅጽ ነው። የልደት ሰርተፊኬት ከሌለ ፓስፖርት ይሆናል። የክርስትና ሰርተፊኬትም ተቀባይነት ካላቸው አንዱ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግን አስተርጉሙት፤ ካልሆነ ልጁ ወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይበልጣል። ዘመድ ቤት ተጠግታችሁ ከሆነም ይመዘገባል፤ ባለቤቱ አብሮ የሚፈርምበት ቅጽ አለ። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመመዝገቢያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይችሉም። ወረቀቱ ከተሟላ ደግሞ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ልጁ ክፍል መግባት አለበት።

እቤት የምትናገሩትን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጧችኋል። "አማርኛ" ብላችሁ ጻፉ። ልጁን ወደ ኋላ ያስቀሩታል ብለው የሚደብቁ ወላጆች አውቃለሁ፤ ልጁ ማግኘት ያለበትን እርዳታ ነው የሚከለክሉት። ከተማ ውስጥ የእንግሊዝኛ ድጋፍ መምህር በየሕንፃው ይኖራል። ትንሽ ዲስትሪክት ግን ብዙ ጊዜ መምህሩን የሚያገኘው ከኢንተርሚዲየት ዩኒት ነው። ስቴቱ 29 አሉት፤ ዲስትሪክቶችን በጋራ የሚያገለግሉ ናቸው። መምህሯ መኪናዋን እየነዳች ከሕንፃ ሕንፃ ትዞራለች። ለልጄ የመጣችው መምህር ጎበዝ ነበረች፤ ግን በሳምንት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የምትታየው። "ልጄ በሳምንት ስንት ደቂቃ ታገኛለች?" ብዬ በኢሜይል ጠየቅሁ። ከዚያ ነው መርሐ ግብሩ የተስተካከለው። ጥያቄ በጽሑፍ ሲሆን መልሱም በጽሑፍ ይመጣል። ለእናንተም አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ በስልክ አማርኛ ተናጋሪ ያገናኛሉ። ልጃችሁ የራሱን ጥፋት እያስተረጎመ እንዳይቀመጥ።

በዓላቱን በተመለከተም መላ አለ። ወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ከጠየቀ ለሃይማኖት በዓል የቀረ ልጅ ይፈቀድለታል። እኔ በሴፕቴምበር አንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት ሁሉም ቀናቸው ተዘርዝሮ። ፈረንጆቹም የራሳቸው በዓል አላቸው። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ያለው ሰኞ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ምክንያቱ አጋዘን አደን ነው። ትንሹ ልጄ አንድ ቀን መጥቶ "እማዬ፣ እኛ ለምንድነው አጋዘን የማናድነው?" አለኝ። አባቱን ጠይቅ አልኩት።

አውቶብሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገጠር ውስጥ ነገሩ ሁሉ አውቶብስ ነውና። የእኛ ሰፈር ማቆሚያ ኩርባ ላይ ነበር። መንገዱ የእግረኛ ዳር የለውም፤ አስፋልቱ ያልቅና ወዲያው ቦይ ነው። ጠዋት ጨለማ ነው። ትራክ ሲያልፍ ልጆቹ ወደ በቆሎው ማሳ ይገባሉ። ትራንስፖርት ክፍሉ ጋ ደወልኩ። "ማቆሚያው ከቤታችሁ ከ1.5 ማይል በታች ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በፔንስልቬንያ ደንብ ልጅን እስከ 1.5 ማይል፣ ማለትም ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ማቆሚያው በእግር እንዲሄድ ማድረግ ይችላሉ። እሱም ከዋናው መንገድ ጀምሮ ነው የሚለካው፤ የግቢያችሁ መግቢያ አይቆጠርም። ግን ደንቡ ሌላ በርም አለው። መንገዱ ለእግረኛ አደገኛ ነው ከተባለ ርቀቱ አይሠራም። አደገኛ መሆኑን አይቶ የሚወስነው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ፔንዶት ነው። ይህን ስልክ ላይ ማንም አልነገረኝም። የነገረችኝ የግብር ሰልፉ ላይ የተዋወቅኋት ጎረቤቴ ናት።

እሷው ናት ቦርዱ ጋ ሂጂ ያለችኝ። ስብሰባው ማታ፣ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችሁ ደረታችሁ ጋ ይደርሳል። ባንዲራው ፊት ቆመው ቃል ይገባሉ፣ ከዚያ ሪፖርት ይነበባል፣ ስለ ሳይበር ቻርተር፣ ማለትም ከዲስትሪክቱ ውጭ ስለሚተዳደር የኦንላይን ትምህርት ቤት፣ ወጪ ያማርራሉ። የማማረራቸው ምክንያት ልጁ ኦንላይን ሲማር ዲስትሪክቱ ስለሚከፍል ነው። ነዋሪ የመናገር ጊዜ አለው። መብቱ በሕግ የተጻፈ ነው፤ ዜግነትም አይጠይቅም። እኛ ጋ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። ያሰብኩትን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። የኩርባውን ፎቶ ለዘጠኙም አትሜ አደልኩ። ስለ ልጄ ብቻ አላወራሁም፤ እዚያ የሚቆሙትን ልጆች ሁሉ ቆጠርኩላቸው። "ፔንዶት መጥቶ እንዲያየው ዲስትሪክቱ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከብት አርቢው ፎቶውን አይቶ "ይህን ኩርባ አውቀዋለሁ፤ ትራክተሬን እዚያ ሊገጩብኝ ነበር" አለ። ፔንዶትን ሳይጠብቁ ማቆሚያውን ወደ ጎረቤቴ መግቢያ አዞሩት።

እዚያው ማታ ትንሹን ኤለመንታሪ የመዝጋት ሐሳብም ተነስቶ ነበር። ልጅ ቁጥሩ እየቀነሰ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየገጠሩ ይመጣል። ሕጉ ቦርዱ ትምህርት ቤት በቋሚነት ለመዝጋት ከመወሰኑ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሕዝብ ውይይት መደረግ አለበት ይላል። ስለዚህ ወሬውን ስትሰሙ ጊዜ አላችሁ፤ ቀኑን ጠይቃችሁ ሂዱ። በጀቱም እንደዚያው ነው። የዲስትሪክቱ ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁ በሜይ ይወጣል፣ እስከ ጁን 30 ይጸድቃል። ሙዚቃ የሚቀረውም፣ የሙሉ ቀን ኪንደርጋርተን የሚመጣውም በዚያ ወር ነው። ጁላይ ላይ ቢሉን ይዞ መናደድ ምንም አይጠቅም።

ዜግነት ያላችሁ፣ የቦርድ ምርጫው ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነው፤ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ዓመት አይደለም። ተወዳዳሪው በሁለቱም ፓርቲ ፕራይመሪ (የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ) ላይ መቅረብ ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው በሜይ ነው። በፕራይመሪው የሚመርጠው ደግሞ ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ብሎ የተመዘገበ ብቻ ነው። ያለ ፓርቲ የተመዘገባችሁ ካላችሁ እስከ ምርጫው 15 ቀን ሲቀረው ድረስ መቀየር ትችላላችሁ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ በመጨረሻ በግራ በኩል ያለ ቤት አግኝታ ገብታለች። እሷንም ነገ ለምርጫ ላስመዘግባት ይዣት እሄዳለሁ።